መጫኛ

አገር ቤት መጫኛ የሚባለው ረጅም የጠፍር ገመድ መሆኑን አንባቢ አያጣውም። በአጋሰስ ጀርባ ላይ እህሉና ቆዳው እንዳይወድቅ ጠፍሮ የሚይዘው እርሱ ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ቃሉን ለሌላ ነገር ልዋሰው ነው። ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በምኖርባት በሲያትል ከተማ፣ በሕዝብ አውቶቡሶች ግንባር ላይ ተገጥሞ ለሚታየው የብስክሌት መሸከሚያ ብረት። የእኛ ሰዎች በአጭሩ «ራክ» ይሉታል። «ራኩ ሞልቷል»፣ «ራኩን አጥፈው» ሲባባሉ ይሰማል። ቃሉ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን እኔን ምንም አያስታውሰኝም። መጫኛ ስል ግን አጋሰሱም፣ ነጋዴውም፣ ዳገቱም አብረው ይመጡልኛል።

አይቶት ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። በለንደን አውቶቡስ የማይታጠፍ ብስክሌት ይዞ መሳፈር ክልክል ነው፤ በሌላውም የአውሮፓ ከተማ ብስክሌት ያዘለ አውቶቡስ ማየት ብርቅ ነው። በአሜሪካ ግን የተለመደ ነገር ሆኗል። መጫኛው ባዶ ሲሆን ወደ ላይ ታጥፎ ከአውቶቡሱ ግንባር ጋር ተጣብቆ ይቆማል። ባለ ብስክሌቱ ከእግረኛ መንገዱ በኩል ይጠጋል፤ ለሾፌሩ በእጁ ምልክት ያሳያል፤ እጀታውን ጨብጦ ብረቱን ወደ ታች ይዘረጋዋል፤ ብስክሌቱን አንሥቶ ሁለቱን ጎማዎች በተዘጋጀላቸው ቦይ ውስጥ ያስገባል፤ ከዚያም ሞላ ያለበትን ክንድ ስቦ በፊተኛው ጎማ አናት ላይ ያሳርፋል። አለቀ። ቁልፍ የለ፣ ገመድ የለ። ለለመደ ሰው ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ለብስክሌቱ የሚከፈል ተጨማሪ ዋጋም የለም። ሲወርዱ በፊተኛው በር በኩል «ብስክሌት አለኝ» ብሎ ለሾፌሩ መናገር ግድ ነው። ሳይናገር በኋላው በር የወረደ ሰው፣ ንብረቱ ያለ እርሱ ጉዞውን ሲቀጥል ቆሞ ያያል።

ይህ ነገር በዚህች ከተማ ለምን ቀደም ብሎ ተስፋፋ ቢባል፣ መልሱ ውሃና ዳገት ነው። ሲያትልን በስተምሥራቅ ካሉት ከተሞች የሚለያት ሐይቅ ዋሽንግተን ነው። በ1963 በሐይቁ ላይ የተዘረጋው ተንሳፋፊ ድልድይ ለእግረኛም ሆነ ለብስክሌት አንዲት ክንድ መሄጃ አልተወለትም ነበር። ማዶ የሚሠራ ባለ ብስክሌት ወይ ዞሮ መሄድ፣ ወይ ብስክሌቱን አውቶቡስ ማሸከም ነበረበት። ያ ድልድይ በአዲስ የተተካው በ2016 ሲሆን፣ የብስክሌት መንገዱ ከዳር እስከ ዳር የተከፈተው በ2017 ማብቂያ ላይ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ መሆኑን ልብ ይሏል። በዚህ መካከል፣ በ1990ዎቹ ዓመታት፣ ሜትሮ የሚባለው የኪንግ ካውንቲ አውቶቡስ ድርጅት ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ዉድንቪል ከሚገኝ ስፖርትወርክስ ከተባለ ፋብሪካ ጋር ሆኖ መጫኛውን አሠርቶ በአውቶቡሶቹ ላይ አስገጠመው። ከዚያ ወዲህ በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ሁሉ ተዛምቷል።

ዳገቱን ደግሞ እዚህ የሚኖር ሁሉ በጉልበቱ ያውቀዋል። ብዙ ወገኖቻችን የሚገኙበት የሬይኒየር ሸለቆ ለጥ ያለ ነው፤ ከእርሱ በስተምዕራብ ግን ቢከን ሂል ተገትሯል። ብልህ ሰው ዳገቱን በአውቶቡስ ይወጣና ቁልቁለቱን በብስክሌቱ ይወርዳል።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብስክሌትም ሞልቶባታል። በልጅነታችን ግን «ብስክሌት» የሚል ሰው አልነበረም፤ ሳይክል ነው። ሳይክል በደቂቃ ሂሳብ ተከራይተን፣ ደቂቃዋ እንዳታልቅብን እየተሯሯጥን፣ በዘንባባዎቹ ሥር እስከ ጣና ዳር እንነዳ ነበር። ሳይክል ከከተማ ወጥቶ ሩቅ አገር የሚሄደው በአውቶቡስ ጣራ ላይ ነው። አጎቴ አንዱን ወደ ደብረ ታቦር ሲወስድ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼዋለሁ። ረዳቱ፣ «ለሳይክሉ ይከፈላል» አለ። አጎቴ፣ «ሳይክል ሰው ነው እንዴ?» አለ። ረዳቱ፣ «ከሰው የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ሰው ይጠጋጋል» አለ። ክርክሩ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። በመጨረሻ የአጎቴ አባትና የሾፌሩ አባት የአንድ ደብር ሰዎች መሆናቸው ተደረሰበትና፣ ሳይክሉ በግማሽ ዋጋ ፖርቶመጋላ ላይ ወጥቶ፣ በአንድ በግና በጤፍ ጆንያዎች መካከል ተጠፍሮ ሄደ። ደብረ ታቦር ሲደርስ የፊት ጎማው ተጣምሞ እንደነበር ሰምቻለሁ። አጎቴ ግን አልተቀየመም። በዘመድ የሄደ ዕቃ ቢጎዳ ማን ላይ ይጮኻል?

ከዚያ ዓለም የመጣ ሰው ሲያትል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ብስክሌቱን ይዞ አውቶቡስ ፊት ሲቆም የሚይዘው ፍርሃት፣ ብረቱን መዘርጋት አለማወቅ አይደለም። ይሉኝታ ነው። አርባ ሰው የጫነ ተሽከርካሪ ለአንተ ለአንድ ሰው ሲል ቆሟል። በትልቁ መስታወት ውስጥ የተደረደሩት ፊቶች ወደ አንተ ይመለከታሉ። ሥራ የረፈደበት አለ፤ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው አለ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ፣ ከሁሉ ኋላ ይገባል። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ገብቼ ስከፍል ለሾፌሩ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከፊት ለተቀመጡት አሮጊት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እርሳቸውም ምን እንደሆንሁ ስላልገባቸው ፈገግ ይሉልኛል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያስተዋልሁት፣ እነዚያ በመስታወቱ ውስጥ ያሉት ፊቶች እኔን እያዩ አለመሆናቸውን ነው። ወደ ፊት የተቀመጠ ሰው ወደ ፊት ከማየት በቀር ምን ያደርጋል? ማንም አልተቆጣም፤ ማንም ደግሞ ውለታ ዋለልኝ ብሎ አላሰበም። ያ ግማሽ ደቂቃ በአውቶቡሱ የጉዞ ሰዓት ውስጥ ቀድሞ የተቆጠረ፣ የእኔ የራሴ ግማሽ ደቂቃ ኖሯል።

ይህን መቀበል ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ ሙሉ በሙሉ እንደ ተቀበልሁትም አልናገርም። ምክንያቱም ነገሩ ሌላ ፊት አለው። ሾፌሩ ከመቀመጫው ተነሥቶ አይጭንልህም፤ ቢበዛ በቃል ይነግርሃል። አንዲት አቅም ያነሳት ሴት ከባድ ብስክሌቷን ከመሬት ማንሣት አቅቷት ስትታገል፣ አርባው ሰው በመስታወቱ ውስጥ ተቀምጦ ይመለከታል። አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው ወርዶ ያግዛታል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይወርድም። በባሕር ዳር መናኸሪያ አንዲት ሴት ዕቃ ይዛ ብትታገል ሦስት ሰው እየተጋፋ ይቀበላታል፤ ከሦስቱ አንዱ የጉልበቱን ይጠይቃታል፤ አንዱ ምናልባት ከዕቃው ላይ ጥቂት ያነሣላታል፤ ሦስተኛው ግን እውነተኛ ደግ ሰው ነው። እዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሉም፤ ሦስተኛውም የመጥፋቱ ነገር ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ እንጀራው ነገር ልምጣ። ብስክሌትና አውቶቡስ አንድ ላይ መሄዳቸው ለመዝናኛ የሚመስለው ሰው፣ ሥራው በቀን የሆነ ሰው ነው። አውቶቡሱ የሚቆምበትና ሥራው የሚገኝበት ቦታ አንድ አይደሉም። መጋዘኑ፣ ፋብሪካው፣ የመኪና ማቆሚያው መሬት ርካሽ በሆነበት ዳርቻ ነው ያለው፤ አውቶቡሱ ደግሞ ሰው በሚበዛበት አውራ ጎዳና ላይ ይቀራል። በመካከላቸው የሚቀረው አራት ማይል መኪና ላለው ሰው ምንም አይደለም፤ ለሌለው ሰው ግን እንጀራ ማግኘትና አለማግኘት ነው። መኪና ማለት ደግሞ ኢንሹራንስ ማለት ነው፣ ቤንዚን ማለት ነው፣ በተበላሸ ቁጥር የወር ደመወዝ የሚውጥ ጎሮሮ ማለት ነው። በመቶ ዶላር የተገዛ አሮጌ ብስክሌት ያችን አራት ማይል ያሳጥራታል፤ ግን መጫኛው ላይ ቦታ ካገኘ ብቻ ነው። መጫኛው በዚያን ጊዜ ሁለት ብስክሌት ብቻ ነበር የሚይዘው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የካቲት ወር ላይ፣ ከሲያትል ወጣ ብሎ ባለ አንድ የታሸገ ምግብ ማዘጋጃ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራ የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር ንጋት 12 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው አውቶቡስ እኔ ሰፈር የሚደርሰው 10 ሰዓት ከ40 ነበር፤ ሁለተኛው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። የአውቶቡሱ ድርጅት የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ በአካባቢው ከአንድ በላይ አሉ። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሦስት ጊዜ የዘገየ ሰው ይሰናበታል። እኔ ሁለት ተቆጥሮብኝ ነበር፤ አንዱ በረዶ የጣለ ዕለት፣ ሁለተኛው አውቶቡሱ መንገድ ላይ የተበላሸ ዕለት።

ያን ሌሊት ዝናብ ይጥላል። የአውቶቡሱ መብራት ከሩቅ ሲመጣ፣ ከመብራቱ በታች ሁለት ብስክሌቶች ተጭነው አየሁ። አንዱን ቀይ አውቀዋለሁ፤ ባለቤቱ ከእኔ በፊት ባለው ፌርማታ አንዳንድ ጊዜ የሚሳፈር ምግብ አብሳይ ነው። ሁለተኛውን አላውቀውም። በሩ ሲከፈት ሾፌሩን አየሁት፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ በመልካቸው የአገሬ ሰው። ልቤ ዘለለች። በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ፤ ራኩ ሞልቷል፤ ወደ ውስጥ ላስገባት? ባዶ ነው እኮ» አልሁ። እውነትም ውስጡ ከስድስት ሰው አይበልጥም ነበር።

ጥቂት ዝም አሉና፣ «ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፤ አልችልም» አሉ።

«ጋሼ፣ ሥራዬን አጣለሁ።»

«ብስክሌትህን አሥረህ ግባ፤ አደርስሃለሁ።»

ገብቼስ? ከወረድሁ በኋላ ያችን አራት ማይል በእግር ለመሄድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል። ሂሳቡን በዝናብ ውስጥ ቆሜ በአንድ ትንፋሽ ሠራሁት፤ በዚያም ሄድሁ በዚህ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት አልደርስም። ባለ ቀዩ ብስክሌት ሰውዬ በመስኮቱ አየኝና ፊቱን አዞረ። አልፈርድበትም፤ እርሱም የሚቆጠርበት ይኖረዋል። በሩ ተዘጋ።

በዚያ ጥዋት 12 ሰዓት ከ40 ደረስሁ፤ በማግስቱ ሥራ አልነበረኝም። ባሕር ዳር ለምትገኘው እናቴ በየወሩ የምልከው የመድኃኒት ገንዘብ ነበር። የዕቁባችን ዳኛ ነገሩን ሰምተው ተራዬን አስቀድመው ባይሰጡኝ ኖሮ ይቋረጥ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ያስተውልልኝ፤ በደንቡ ያጣሁትን በዝምድና አገኘሁት። የዕቁቡ ዳኛ ዕጣውን ወደ ጎን አድርገው፣ «ለእርሱ ይሁን» ሲሉ ከሃያው ሰው አንድ እንኳ አልተቃወመም። ታዲያ እኒያ ሾፌር ምን ነካቸው? እያልሁ ብዙ ሌሊት ተብሰልስያለሁ። ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ እንዲያ አያመኝም ነበር። ደግሞም ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ አልጠይቀውም ነበር።

በዓመቱ ግድም አንድ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ሟቹ የሁለታችንም ወዳጅ ኖረዋል። ውሃ ሊያድሉ ሲዞሩ እኔ ዘንድ ደረሱና ትኩር ብለው አዩኝ። «ያ ባለ ሳይክሉ ልጅ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«አስወጡህ?»

«አስወጡኝ።»

የውሃውን ጠርሙሶች መሬት አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ። አገር ቤት ሳሉም ሾፌር እንደ ነበሩ፣ ከአዲስ አበባ ወሎ መስመር ለብዙ ዓመታት እንደ ነዱ አጫወቱኝ። «እዚያ እያለሁ» አሉ፣ «አንድም ቀን ሰው ከልክዬ አላውቅም። የወንዜ ልጅ ሲመጣ ቦታ ይገኛል፤ ያበ ልጄ ዘመድ ሲመጣ ቦታ ይገኛል። ወንበር ሲሞላ በርጩማ አለ፣ በርጩማ ሲሞላ የሞተሩ ክዳን አለ። ደግ ሰው እባል ነበር። ትኬት ቆርጦ፣ ማንንም ሳያውቅ፣ ከሌሊት ጀምሮ የተሰለፈው ገበሬ ግን መናኸሪያ ያድር ነበር። እርሱን ማን ደግ ይለዋል? እዚህ ስመጣ ለራሴ፣ ‹ከእንግዲህ ዘመድ የለኝም› አልሁ። ክፋት አይደለም። በመተላለፊያው ላይ ሳይክል አስገብቼ ቀጥሎ ባለ ተሽከርካሪ ወንበር ቢመጣ፣ ለአንተ ስል እርሱን ልተወው ነው? ያን ሌሊት ለአንተ ብፈቅድ፣ በማግስቱ አማርኛ የማይችለውን በምን አፌ እከለክላለሁ?»

ንግግራቸው እውነት አለው። እስከ ዛሬም ሳስበው እውነት አለው። ግን ያን ቀን የመጣልኝን ተናገርሁ፤ «ጋሼ፣ ያን ሌሊት እኔ ዘመድ ኖሮኝም መናኸሪያ አደርሁ።»

ሳቁ አልልም፤ ለቅሶ ቤት ነው። ነገር ግን ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «አደርህ» አሉ፤ «እኔም ዕረፍት አድርጌ አላደርሁም።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በብዙ አውቶቡሶች ላይ ያለው መጫኛ ሦስት ብስክሌት የሚይዝ ሆኗል፤ ባቡሩም በ2009 ከተከፈተ ወዲህ መስመሩ እየረዘመ ሄዶ፣ ብስክሌት በፉርጎው ውስጥ ገብቶ ይጓዛል። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ብስክሌት መጥቷል፤ አንዳንዱ ለመጫኛው ከልክ በላይ ከባድ ነው፤ ወፍራም ጎማ ያለውም ቦዩ ውስጥ አይገባም። ምግብ የሚያመላልሱ ወጣቶች ይህን ሳያውቁ ገዝተው ፌርማታ ላይ ሲቸገሩ አያለሁ። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ አዲስ መጤ ሁሉ፣ ከመግዛትህ በፊት በአንድ እጅህ አንሣው እላለሁ። ሌላም የምለው አለ፤ ክንዱን በጎማው ላይ እንጂ በሌላ ቦታ አታሳርፍ፤ ውሃና ፓምፕህን ነቅለህ ይዘህ ግባ፤ ከወረድህ በኋላ የሌላ ሰው ብስክሌት ከሌለ ብረቱን መልሰህ እጠፍ። ይቅርታ ግን አትጠይቅ እላለሁ፤ ይህን የመጨረሻውን እንኳ የሚሰማኝ የለም፤ ሁሉም ይጠይቃል።

እኒያ ሾፌር ከለቅሶ ቤቱ ሲወጡ ብስክሌቴ በበረንዳው አጠገብ ተደግፋ ቆማ ነበር። በእጃቸው እየነኩ ዞሯት። ይህን ያህል ዘመን በግንባራቸው ፊት ስንት ሺህ ብስክሌት ተሸክመው ሲነዱ፣ ነድተው እንደማያውቁ ያን ጊዜ ነገሩኝ፤ ያደጉት ገደላማ አገር ነው፤ ሳይክል አይታወቅም። መሪዋን ይዘው የፊት ጎማዋን ከመሬት አነሡና፣ «ይህችን ነው በየሌሊቱ የምታነሣ?» አሉኝ።

«ይህችን ነው።»

«ከባድ ናት እኮ።»

«ዘንቢሉ ነው ጋሼ፤ ሽንኩርት አለበት፤ ለለቅሶ ቤቱ ያመጣሁት ነው» አልሁና፣ ዘንቢሉን አንሥቼ ሰጠኋቸው፤ እርሳቸውም ይዘውት ወደ ማድ ቤቱ ገቡ።